ጭነት አሳሪውና የጥጃዋ ጎማ

አንድ ጭነት አሳሪ ነበረ።

ጥያቄሽን ረስቼው አይደለም። «አባ፣ ልጄን ይበልጥ ጠበቅ አድርጌ ልያዛት ወይስ እንደ ፍጥርጥሯ ልተዋት?» ነው ያልሽኝ። እኔ ደግሞ መልሱን ትቼ ስለ ጭነት አሳሪ ማውራት ስጀምር «ሽማግሌው ዘባረቀ» ብለሽ ነጠላሽን እንዳትሰበስቢ። ቁጭ በዪ፤ ብዙም አላስቀምጥሽ።

ሰውየው ከጎረምሳነቱ ጀምሮ በበቅሎ ጀርባ ላይ ጨው ሲያስር የኖረ ነው። በኋላ መኪና ሲመጣ እሱም ከበቅሎ ወደ መኪና ተሸጋገረ። ቡናም ይሁን ሰሊጥ፣ የቤት ዕቃም ይሁን የቆርቆሮ ክምር፣ እሱ ገመድ የጣለበት ጭነት አገር አቋርጦ ሲደርስ አንዲት ጆንያ ከቦታዋ አትነቃነቅም። ሾፌሮቹ ከመነሳታቸው በፊት «ማን ነው ያሰረው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እሱ መሆኑ ከተነገራቸው ወደ ኋላ ሳያዩ ይነዳሉ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ገመዱን ይስባል፤ ጉልበቱን ጭነቱ ላይ ተክሎ እንደገና ይስባል፤ ሰው ሁሉ «ኧረ በቃው» ሲለው አንድ ጊዜ ይደግማል። ያችን የመጨረሻዋን ስበት «ምርቃት» ይላታል። በዚች ምርቃት ስሙ ተጠርቷል። እሱም ስሙ መጠራቱን ያውቃል፤ ማወቁ ብቻ አልበቃ ብሎት ሌላው ሰውም እንዲያውቅለት ይፈልጋል።

ዕድሜው ሲገፋ፣ ወገቡም «በቃኝ» ሲለው፣ ከሚስቱ ጋር ወንዝ አጠገብ ባለች መሬቱ ላይ የሽንኩርት ችግኝ ማፍላት ጀመረ። መሬቷ ከወንዙ ከፍ ብላ ዳገቱ ላይ ስለምትገኝ ውሃው ወደ እሷ አይመጣም። ወደ ውሃው መሄድ ያለበት እሱ ነው። ለዚህ ሲል ከአንድ የተዘጋ የፍራፍሬ እርሻ አንዲት አሮጌ የአትክልት ትራክተር ገዛ። በጣም ትንሽ ናት። የመንደሩ ሰው ዓይኑ የለመደው ትልልቆቹን የእርሻ ትራክተሮች ስለሆነ፣ እሷ ብቅ ስትል «ይህች ደግሞ የማን ጥጃ ናት?» ብሎ ሳቀባት፤ ስሟም በዚያው ጥጃዋ ሆኖ ቀረ። ጥጃዋ ሁለት በርሜል የተጫነበት ተጎታች አስከትላ ጠዋት ሦስቴ፣ ከሰዓት በኋላ ሁለቴ ወንዝ ትወርድና ውሃ ይዛ ዳገቱን ትወጣለች።

በዚያ ዓመት አሥራ አራት መደብ ችግኝ አፍልቶ ነበር። የመንደሩ ሰው በየማሳው የሚተክለውን ሽንኩርት ከእሱ እየጠበቀ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ተነቅሎ ይሄዳል፤ የእሱና የሚስቱ የዓመት ጉርስም በነዚያ መደቦች ላይ ነው ያለው። ጊዜው በጋ ነው። ችግኝ ደግሞ ሁለት ቀን ውሃ ካጣ ሦስተኛውን ቀን አይጠብቅም።

እንግዲህ አንድ ማለዳ የጥጃዋ የፊት ግራ ጎማ ማንጎራጎር ጀመረ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ከጀመረ ወር አልፎታል፤ ያልሰማው እሱ ነው። ሚስቱ «አንተ ሰው፣ ይህ ነገር ይጮኻል» ስትለው «አርጅታ ነዋ፤ አንቺስ ስትነሺ ጉልበትሽ ይጮህ የለም?» እያለ ያልፋታል። ጥጃዋን ከገዛት ጀምሮ የጎማዋን ውስጥ አንድ ቀን ከፍቶ አላየም፤ ማለስለሻ ግራሶም በጣቱ ጫፍ እንኳ አልቀባትም። ማንጎራጎሩ ማንኳኳት ሆነ። ከዚያ ጎማው ከሠርግ ቤት እንደሚመለስ ሰው ወዲያና ወዲህ መወላገድ አመጣ። እሱ መሪውን ወደ ቀኝ ሲይዝ እሷ ወደ ግራ ትሄዳለች። አንድ ቀን ተጎታቹን ከነውሃው ገደል ልትከተው ለጥቂት ስትተርፍ ነው ሰውየው የደነገጠው።

የትራክተሯን አፍንጫ በግንድ ፈንቅሎ ድንጋይ ላይ አሳረፈና ጎማውን ፈታ። በጎማው መሐል ኩሽኔታ የሚባል ነገር አለ። አንቺ አይተሽው አታውቂ ይሆናል፤ በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል የተደረደሩ የጣት ጫፍ የሚያህሉ ብረቶች ናቸው። ጎማው የሚዞረው እነሱ ሲንከባለሉለት ነው። የጥጃዋ ኩሽኔታ ገና ከመውጣቱ እጁ ላይ ተበተነ። ብረቶቹ ተቦርቡረዋል፤ የያዛቸው ክፈፍ ተሰባብሯል፤ በግራሶ ፈንታ የወንዝ አሸዋ ሞልቶበታል። ሰውየው አገላብጦ አየውና «ላልቶ ነው፤ የገደለው ልልነት ነው» ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ግማሹ እውነት ነው። ግራሶ ስለማጣቱ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ያን ቢያነሳ ነገሩ ወደ ራሱ ይዞርበታላ።

ከተማ ወርዶ መለዋወጫ ከምትሸጥ አንዲት መካኒክ ዘንድ ሄደ። ጋራዡን ከአባቷ የወረሰች፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። አሮጌውን ኩሽኔታ በአውራ ጣቷ ጠረግ አድርጋ ቁጥሩን አነበበችና በዘይት ወረቀት የተጠቀለለ አዲስ ጥንድ አወጣችለት።

«መጥቼ ልግጠምልህ?» አለችው።

«እኔን? እኔ እኮ ማሰር ለሰው የማስተምር ነኝ» አላት።

«ጥሩ። ስታጠብቀው ግን አንድ ነገር...»

አንዱን ነገር ለመስማት አልቆየም፤ በሩን አልፎ ወጥቷል።

ቤቱ ደርሶ ሥራውን በወግ ጀመረ። የጎማውን ውስጥ በናፍጣ አጠበ፤ አሸዋውን በጨርቅ ጠረገ፤ አዲሱን ኩሽኔታ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ግራሶውን እያንዳንዷ ብረት እስክትጠግብ ድረስ አጎረሳት። እስከ ክንዱ በግራሶ ተለውሶ ስታየው ሚስቱ ሳቀች። እስከዚህ ድረስ ማንም መካኒክ ከእሱ የተሻለ ባልሠራ ነበር። ከዚያ ጎማውን መለሰና የሚያስረው ዳዶ ላይ ደረሰ። በቁልፍ አጠበቀው። ቁልፉ ጫፍ ላይ ረጅም ቧንቧ አስገብቶ እንደገና አጠበቀው። ጎረቤቱ አጥሩ ላይ ተደግፎ «ኧረ በቃው» ሲለው፣ ጉልበቱን ጎማው ላይ ተከለና ምርቃቷን ጨመረበት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለም? አንዱ ኩሽኔታ በልልነት ስለሞተበት ሁለተኛውን ትንፋሽ አሳጣው።

ጎማውን በሁለት እጁ ይዞ ቢነቀንቀው ንቅንቅ አላለም። ለጎረቤቱም «ተራራውን ብትነቀንቅ ይቀልሃል» አለው።

ሚስቱ ጠጋ ብላ አየችው። «መነቃነቁስ ቀረ» አለች፣ «መዞሩስ?»

«መዞር የጎማው ሥራ ነው። የእኔ ሥራ ማሰር ነው።»

ወደ ወንዙ ሲወርድ ቁልቁለቱ ስለገፋት ጥጃዋ እንደ ምንም ወረደች። በርሜሎቹን ሞልቶ ዳገቱን ሲጀምር ግን ጎማው ሲጥ ሲጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ነገር ሸተተው። ከዚያ ጭስ ወጣ። መሐል ዳገት ላይ ሲደርስ ጎማው ጭራሽ መዞሩን ትቶ መሬቱን እንደ ማረሻ እየሰነጠቀ መጎተት ጀመረ፤ ጥጃዋም ስሟን አክብራ እግሯን ተክላ አልሄድም አለች። ከበርሜሉ ውሃ ቀድቶ ቢያፈስበት ብረቱ ቸስ ብሎ ተፋበት።

የዚያን ቀን እሱና ሚስቱ፣ ያ አጥር ላይ የነበረው ጎረቤትና ሌሎችም ሰዎች በጀሪካን ውሃ ሲያመላልሱ ዋሉ። ሰው ትከሻው እስኪላጥ ቢሸከም የጥጃዋን ያህል አይሸከምም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ከአሥራ አራቱ መደብ ስድስቱን አጠጡ። የስምንቱ ችግኝ አንገቱን ደፋ። ሰውየው ቆሞ አያቸው፤ ሚስቱ ባዶ ጀሪካኖቹን ሰብስባ ወደ ቤት ገባች። ብትናገረው ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የተቃጠለውን ኩሽኔታ በመሐረብ ጠቅልሎ መካኒኳ ጋ ተመለሰና ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈው። «ፎርጅድ ነው የሸጥሽልኝ!» አላት። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል።

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። መነጽሯን አደረገች፤ ብረቱን ወደ ብርሃን ይዛ አገላበጠችው። ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል። «ማን ነው ያሰረው?» አለችው።

ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሰምቶታል፤ ለእሱም ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው። ደረቱን ነፋ አድርጎ «እኔ ነኛ!» አላት።

«ያስታውቃል» አለች።

ከዚያ ሌላ ጥንድ ኩሽኔታ ከመደርደሪያው አወረደች፤ የመሣሪያ ቦርሳዋን አነሳች፤ ጋራዡን ቆለፈች። «ዛሬ አብሬህ እሄዳለሁ። የምትገጥመው ግን አንተው ነህ፤ እኔ ቆሜ አያለሁ» አለችው። እሱም እምቢ ሊላት ሲል ስምንቱ መደቦች ትዝ አሉትና ቦርሳዋን ተቀብሎ ያዘላት። በባጃጅ ተሳፍረው ሄዱ።

አጠበ፤ ግራሶውን አጎረሰ፤ ጎማውን መለሰ። ዳዶው ላይ ሲደርስ «በአንድ እጅህ ጎማውን እያዞርክ በሌላው አጥብቅ» አለችው። እንዳለችው አደረገ። ጎማው እየከበደ፣ እየከበደ መጣ፤ የሰውየውም ፊት እየፈካ መጣ። ቧንቧውን ለማንሳት ጎንበስ ሲል ሴትዮዋ እግሯን ቧንቧው ላይ አሳረፈች።

«አሁን አላላው» አለችው።

«ምኑን?»

«ዳዶውን። ሩብ ዙር ወደ ኋላ መልሰው።»

ሰውየው ቁልፉን እንደያዘ ቀና አለ። «እመቤቴ፣ እኔ አንቺ ጋ የመጣሁት ልልነቱን እንድታጠፊልኝ ነው። አንቺ መልሰሽ ልታስገቢብኝ ነው?»

«አዎ። ትንሽዬ።»

«እኔ ከተወለድኩ አስሬ ያላላሁት ነገር የለም።»

«የቡና ጆንያ አይዞርም» አለችው። «እሱን የምታስረው ባለበት እንዲቀመጥልህ ነው። ይህን ግን የምታስረው እንዲሄድልህ ነው። የሚሄደውን እንደሚቀመጠው ካሰርከው ይቃጠልብሃል፤ አይተኸዋል።»

ሰውየው ቁልፉን ይዞ ቀረ። አየሽ፣ ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ሰው ነገር ሲገባው ግን እጁ ወዲያው አይታዘዝለትም። ስሙ፣ ገመዱ፣ የሾፌሮቹ ምስጋና፣ ያ ሁሉ ዘመን በዚያች ቁልፍ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ሚስቱ ከመደቦቹ መሐል መጣች። አንዲት የጠወለገች ችግኝ መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየችው። «እነዚህ ስምህን አያውቁም» አለችው ቀስ ብላ። «የሚያውቁት ውሃ ነው።»

ያን ጊዜ መለሰው። ሩብ ዙር ምን ያህል ናት? የእጅ አንጓን አንድ ጊዜ ማዞር ናት። ጨውና ቡና በአንድ ትንፋሽ የሚያስረው ሰው ግን ለዚች ቁልፉን በሁለት እጁ ያዘ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ቢሞክረው የፀጉር ያህል ላላ ያለ ነገር አገኘበት። «ይነቃነቃል» አለ፣ ሰው እንደሞተበት ሁሉ አዝኖ።

«ይነቃነቅ» አለችው መካኒኳ። «ግራሶው የሚቀመጠው እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው። ክፍተቷን ከነሳኸው ተጨምቆ ይወጣል፤ ከዚያ ብረት ከብረት ይፋጃል።» ይህን ብላ አንዲት ቀጭን የብረት መቆለፊያ በዳዶው ቀዳዳ አሳልፋ ጫፏን አጠፈችው። «ይህች ደግሞ ዳዶው ከዚህ በላይ እንዳይጠብቅ፣ ከዚህም በላይ እንዳይላላ ትይዘዋለች» አለችው። ሰውየው መቆለፊያዋን ሲያይ ትንሽ ተጽናና፤ የሚታሰር ነገር በመኖሩ ደስ አለው።

ሴትዮዋ ጎማውን በመዳፏ መታ አደረገችው። ዞረ። ድምፅ የለውም። ጎረቤቱ አጥሩ ላይ ሆኖ ዙሩን ሲቆጥር ቆይቶ ሲሰለቸው ተወው፤ ጎማው አሁንም ይዞራል።

«በየስንት ጊዜው ከፍቼ ልየው?» አላት ሰውየው።

«በወር አንዴ ነቅነቅ አድርገህ ሞክረው። ግራሶ ጨምርለት። በየቀኑ አትክፈተው፤ በከፈትከው ቁጥር አሸዋ ይገባዋል።»

ጥጃዋ በዚያን ዕለት ብቻ ሰባት ጊዜ ወንዝ ወረደች። ከስምንቱ መደቦች ሁለቱ አልተነሱም፤ ዘግይቶባቸዋል። ስድስቱ ግን በማግስቱ ቀና ቀና አሉ፤ በሦስተኛው ቀን አንድም ቀን ያልተጠሙ ይመስሉ ነበር። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ሰው «ይህን ጎማ ማን አሰረው?» ሲለው «እኔ ነኝ» ይላል፤ ትንሽ ያስብና «ያላላሁትም እኔ ነኝ» ብሎ ይጨምራል። ይህችኛዋ ላይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል ይባላል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ።

ትልቁ ልጅሽ ትምህርቱን ጥሎ ከቤት ወጥቶ ድምፁ ሲጠፋ፣ «ላልቼበት ነው» እያልሽ በዚሁ ወንበር ላይ ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ። ምናልባት እውነትሽን ይሆናል። ምናልባትም ያጣው ሌላ ነገር ይሆናል፤ እሱን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። እህቱ ግን ምን አደረገች? ተምራ ነርስ ሆነች፤ ሩቅ ከተማ ተመደበችና ሥራዋን ያዘች። አንቺ ደግሞ ከአክስቷ ቤት አስቀመጥሻት፤ አክስቷም ስንት ሰዓት እንደገባች፣ ከማን ጋር እንደመጣች በየማታው ትነግርሻለች። በዚያ ላይ ጠዋት ትደውያለሽ፣ በምሳ ሰዓት ትደውያለሽ፣ ማታ ትደውያለሽ፤ የመጀመሪያው ቃልሽም «የት ነበርሽ?» ነው። አሁን ልጅቷ ስልክ ማንሳት ስትተው «ይበልጥ ላጥብቅ ወይ?» ትይኛለሽ። ልጄ፣ ቧንቧውን አስቀምጪ። ጭሱ ከዚህ ይታየኛል።

ተያት አላልኩሽም። ልል ጎማም ገደል ይከታል። እኔ የምልሽ፣ የያዝሽው የሚሄድ ነገር ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ አባቶቻችን። የወንድሟን ልልነት በእሷ ላይ ልታካክሺው አትችዪም፤ እሱ አይመለስልሽም፣ እሷ ግን ትቃጠልብሻለች።

ሩብ ዙር ማለት ለአንቺ እንዲህ ነው። አክስቷን ወሬ መጠየቅ ተዪ። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደውዪላት፤ ያችን እሁድ ደግሞ ዝናብ ቢዘንብ፣ እንግዳ ቢመጣ አትዝለያት፤ መቆለፊያሽ ያችው እሁድ ናት። ስትደውዪም «በልተሻል ወይ?» በያት። ሌላውን ከፈለገች ራሷ ትነግርሻለች፤ ካልፈለገችም ይቅር። እሁድና እሁድ መካከል ያለው ዝምታ ፍቅርሽ የጎደለበት ቦታ አይምሰልሽ። ፍቅርሽ የሚቀመጥበት እዚያ ነው።

ዛሬ ገና ማክሰኞ ነው፤ እሁድ እንደሚርቅሽ ዐውቃለሁ። ስልክሽን እኔ ጋ አስቀምጪው ብልሽ እንደማትሰጪኝም ስለማውቅ አልጠይቅሽም። ብቻ ትንሽ ታግሰሽ ከቆየሽ አንድ ቀን፣ አንቺ ሳትደውዪ፣ እሷው ትደውልልሻለች። ያን ጊዜ ጎማው እየዞረ መሆኑን እወቂ።

ያን ቀን ታዲያ አደራሽን፣ «እስካሁን የት ነበርሽ?» እንዳትያት።